የድድህን ነገር በተመለከተ

መስከረም 21

ለአክስቴ ልጅ፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። አንቺም፣ ባለቤትሽም፣ ከሁሉም በላይ አክስቴ ደህና ናችሁ ብዬ አምናለሁ። እኔም ደህና ነኝ ብዬ ብጀምር ደስ ባለኝ፣ ግን የምጽፍልሽ ደህና ስላልሆንኩ ነው።

ስልክ ሞክሬ ነበር፣ ዘግተሽብኛል። ደብዳቤ ግን አይዘጋም ብዬ ወረቀት ገዛሁ።

ከሦስት ሳምንት ወዲህ ጥርሴን ስቦርሽ ይደማል። ብሩሹ ሻክሮ ነው ብዬ ለስላሳ ገዛሁ። አሁን ዳቦ ስገምጥ ዳቦው ላይ ቀይ ይቀራል፣ ጠዋት ስነሳም ትራሴ ላይ ጠብታ አገኛለሁ። አያመኝም። ሥራዬ ዓሣ ማሸጊያ ፋብሪካ ነው፣ ቀኑን ሙሉ በረዶ መሀል ነው የምቆመው፣ ምናልባት ብርዱ ይሆን እላለሁ። አንድ ክፍል አብረውኝ ከሚያድሩት ሦስት ሰዎች አንዱ በሞቀ ውሃና ጨው ተጉመጥመጥ ይለኛል፣ አንዱ ሲጋራህን ተው ይለኛል፣ ሦስተኛው ይስቃል።

የፋብሪካው ሐኪም የሚያየው የተቆረጠ ጣትና የተቀጨ ወገብ ነው። የጥርስ ሐኪም ያለበት ከተማ በአውቶቡስ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው፣ ሄዶ መመለስ ሙሉ ቀን ይፈጃል። እኔ ደግሞ የስድስት ወር የሙከራ ጊዜ ላይ ነኝ፣ ገና መጀመሬ ነው። በሙከራ ላይ እያለ አንድ ቀን የቀረ ሰው በማግስቱ ጓንቱን አስረክቦ ይወጣል፤ ሁለት ሰው እንዲህ ሲሸኝ በዓይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ የቀረችኝ አንቺ ነሽ። እኔ ጄሶ እያቦካሁ ሰው ሠራሽ ጥርስ ስሠራ ኖርኩ እንጂ ድድ ውስጥ ያለውን ነገር አላውቅም። አንቺ ግን በየቀኑ የምታይው ነው። ልሂድ ወይስ ይተወኛል? አንዲት ቃል ትበቃኛለች።

አክስቴን አቅፈሽ ሳሚልኝ። ከእኔ ነው ማለት ካልፈለግሽ ዝም ብለሽ ሳሚያት።

ጄሶው


ጥቅምት 25

ለጄሶው፣

ሰላምታ የሚጀመረው እንዴት ሰነበትክ ተብሎ ነው። እንዴት እንደሰነበትክ ነግረኸኛልና ልዝለለው። ፈጣሪ ዕድሜህን ያርዝመው፣ በተለይ ከዚህ በኋላ ያለውን።

ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፣ አንዴ እንዲገባኝ፣ አንዴ ደስ እንዲለኝ። ክሊኒክ ውስጥ፣ በሁለት ታካሚ መሀል፣ ቆሜ ነው ያነበብኩት። "ዳቦው ላይ ቀይ ይቀራል" የምትለው ጋ ስደርስ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። በዚህ እንድጸጸት አትጠብቅ።

ያለብህን አውቀዋለሁ። አምስት ዓመት ሙሉ የሰው ጥርስ ስጠርግ ኖሬ ይሄን ካላወቅኩ ደሞዜን በከንቱ ነው የበላሁት። አውቀዋለሁ፣ ግን አልነግርህም። መጀመሪያ አንተ ትነግረኛለህ።

የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ሠርጌ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው እማዬ አንተ ወርክሾፕ ገባች። ከታች የፊት አራት ጥርሶቿ ይነቃነቁ ነበር። እሷ ያሳደገችህ፣ ከእኔ ጋር በአንድ አልጋ ተኝተህ ያደግክ ሰውዬ፣ የገዛ አክስትህን ጥርስ በሽቦ አስረህ፣ በላዩ የሚያብረቀርቅ ሽፋን ለጥፈህ ሰደድካት። በሠርጌ ፎቶ ላይ እማዬ አፏን ከፍታ ትስቃለች። ከሽፋኑ ሥር ድዷ ይበሰብስ ነበር። በስምንተኛው ወር አራት ሳይሆን ስምንት ጥርስ ተነቀለላት። ዛሬ እጇን አፏ ላይ ሳታደርግ አታወራም። ምግቧን አድቅቄ ነው የምሰጣት። ስለ አንተ ክፉ ስናገር ደግሞ "ልጁን ተይው" ትለኝና ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። እኔን የሚያንጨረጭረኝ ያ ነው፣ ጥርሷን አሳጥተሃት ጭራሽ ላንተ ትሟገታለች።

ያኔ በየሱቁና በየደጁ ዞሬ ጉድህን አውርቻለሁ። ደንበኛ ሸሽቶህ ወርክሾፑን ዘግተህ አገር ለቀህ ሄድክ። ያም አልበቃኝም፣ ምክንያቱም አንድ ቀን አፍ አውጥተህ "እንዲህ አድርጌያለሁ" አላልክም።

እንግዲህ ውላችን ይኸው። እማዬ ከበሩ ከገባችበት ጀምሮ እስክትወጣ ድረስ የሆነውን ሁሉ በእጅህ ጽፈህ ትልክልኛለህ። ስልኬን የማልከፍትልህ ለዚህ ነው፣ የተናገሩት ይካዳል፣ የጻፉት አይካድም። ለእማዬ አነብላታለሁ። ከዚያ አንዲቷን ቃልህን ታገኛለህ።

እስከዚያው ማንኛውንም ታካሚ የምንጠይቀውን ልጠይቅህ። የድድህ ቀለም ምን ይመስላል? መዳፍህን አፍህ ላይ አድርገህ ተንፍስ፣ ምን ምን ይልሃል?

የአክስትህ ልጅ


ኅዳር 19

ለአክስቴ ልጅ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ጽሑፍሽ አሁንም ያምራል፣ የተጻፈው ግን ያቃጥላል። ጤና ከቤትሽ አይጥፋ።

ቀለሙን ጠይቀሽኛል። ከእጅ መታጠቢያው በላይ ያለችው መስታወት መዳፍ ታክላለች፣ ከንፈሬን በጣቴ ገልብጬ አየሁት። ጥሬ ጉበት ይመስላል። አብጦ በጥርሶቼ መሀል ሽቅብ ወጥቷል፣ ስነካው ይደማል፣ ግን አሁንም አያምም። ሽታውን እኔ አላውቀውም፣ ዓሣ ማሸጊያ ውስጥ የሚውል ሰው አፍንጫው ምን ይረባዋል። ብቻ ምሳ ላይ ፊት ለፊቴ ይቀመጥ የነበረው ቢላ የሚስለው ሰውዬ ሰሞኑን ትሪውን ይዞ ወደ ሌላ ጠረጴዛ ዞረ። ቀኑን ሙሉ በዓሣ አንጀት ተከቦ የሚውል ሰው ከኔ አፍ ሲሸሽ ሳቄ መጣ። ከዚያ መሳቄን ተውኩት።

ስለ ወርክሾፑ። ሽቦውን ያሰርኩት እኔ ነኝ፣ ሽፋኑን የለጠፍኩትም እኔ ነኝ። ጥፋቴን አልክድም፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። ከዚህ በላይ የምጽፈው የለኝም። አንዳንዱን ነገር ሆድ ይፍጀው። አንቺም ባትቆሰቁሺው ይሻላል፣ ለኔ ብዬ አይደለም።

ተቆጣጣሪያችን ከአዲሶቹ ውስጥ ለሁለት ሰው ብቻ ቋሚ ውል እንደሚሰጥ ተናግሯል። ከሁለቱ አንዱ የምሆን ይመስለኛል። አገር ከለቀቅኩ ይሄ ሦስተኛ ሥራዬ ነው፣ ከዚህ ከወጣሁ የት እንደምገባ አላውቅም። በማይረባ ነገር አንድ ቀን ቀርቼ ባጣው ያንገበግበኛል። የማይረባ ካልሆነ ደግሞ ንገሪኝ፣ ነገ እሄዳለሁ። የፈለግኩት ያን ለይቶ የሚነግረኝ ሰው ነው።

ጄሶው


ጥር 6

ለጄሶው፣

በጎ ሰንብተሃል ብዬ አልገምትም።

ደብዳቤህ ከደረሰኝ ሦስት ሳምንት አልፎታል። ፖስታ ቤቱን እንዳታማው። መሳቢያዬ ውስጥ፣ ከጓንቱ ካርቶን ሥር አስቀምጬው ነበር። ጠዋት ጠዋት ጓንት ሳወጣ አየውና "ይቆይ" እላለሁ።

ሆድ ይፍጀው አልከኝ። የእማዬ ሆድ ዘጠኝ ዓመት ፈጅቶታል፣ የቀረው ነገር የለም። "ለኔ ብዬ አይደለም" የምትለዋን ደግሞ ምን ልበላት። እንግዲህ ዝም ያልከው ለኛ አስበህ ነው ማለት ነው። ጉድ እኮ ነህ።

ይቅርታህንም አልተቀበልኩትም። ሰው አውቶቡስ ውስጥ እግር ሲረግጥም ይቅርታ ይላል። እኔ የጠየቅኩህ የሆነውን እንድትጽፍ ነው።

ባለፈው ማክሰኞ አንዲት ልብስ ሰፊ መጣችልኝ። የወንበራችን የእግር ማስቀመጫ ተበላሽቷል፣ እግሯን አንጠልጥላ ነው የተኛችው። ድዷ ልክ ያንተን ይመስላል። "አያመኝም እኮ" አለችኝ፣ ልክ እንዳንተ። ማስኬን ሳላወልቅ፣ ምን እንደያዛት፣ ምን እንደሚደረግላት፣ እስከ መቼ መቆየት እንደምትችል ነገርኳት። አንድ ደቂቃ ነው የፈጀብኝ። ስሟን እንኳን አላውቀውም። ላንተ ያቺን ደቂቃ የከለከልኩህ እኔ ነኝ፣ እያወቅኩ፣ ሌላ ማንም አይደለም።

ባዶ ወረቀት ግን አልክልህም። የሚመጣውን ልንገርህና ቁጭ ብለህ ጠብቀው። አንድ ቀን መስታወት ስታይ ጥርስህ የረዘመ ይመስልሃል። ሰው በዚህ ዕድሜው ጥርሱ አያድግም። ከዚያ መሀል መሀሉ ይከፈትና የበላኸው ይቀረቀርበታል። ከዚያ ወዲያ ያለውን አንተው በእጅህ ነክተኸዋል፣ እማዬ አፍ ውስጥ።

ሲደርስብህ ጻፍልኝ። ወርክሾፑንም ጨምረህ ጻፍ። ያኔ እንነጋገራለን።

የአክስትህ ልጅ


የካቲት 27

ለአክስቴ ልጅ፣

ሰላም ለአንቺ፣ ለአክስቴም ዕድሜና ጤና።

ያልሽው ሁሉ ደርሷል። ጥርሶቼ እንደ አሮጌ ፈረስ ጥርስ ረዝመዋል፣ በተለይ የታች የፊቶቹ። ሥጋ ስበላ መሀላቸው ይቀራል፣ በክብሪት እንጨት ነው የማወጣው። ባለፈው ሳምንት ደግሞ የመግቢያ ሰዓት ለመፈረም ተሰልፌ በምላሴ ገፋ ሳደርጋት አንዷ ተንቀሳቀሰች። ከዚያ ወዲህ ምላሴን ከእሷ ላይ ማንሳት አልቻልኩም። ማሽኑ ጋ ቆሜ እገፋታለሁ፣ ተኝቼ እገፋታለሁ። ፈርቻለሁ። አንድ ጥርስ ይህን ያህል ያስፈራል ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

እሺ፣ የፈለግሽው ይኸው።

አክስቴ የመጣችው ሐሙስ ከሰዓት ነው። አራቱን ጥርሶች በጣቴ ነካኋቸው፣ ይነቃነቁ ነበር፣ ድዷም አብጦ ነበር። "ሐኪም ይየኝ ወይ?" አለችኝ። አያስፈልግም፣ የዕድሜ ነው አልኳት። በሠርግሽ ላይ ሰው ሁሉ ሥራዬን አይቶ ደንበኛ እንዲበዛልኝ ፈልጌ ነው። በሽቦ አሰርኳቸው፣ ሽፋኑን ለጠፍኩበት። የሚደማውን ቦታ አትንኪው፣ አትቦርሺው አልኳት። ከሠርጉ በኋላ እንዴት ሆንሽ ብዬ አንድ ቀን አልጠየቅኳትም። ጥፋቱ በሙሉ የእኔ ነው፣ የሌላ የማንም አይደለም። ይህን በገዛ እጄ ጽፌ ፈርሜያለሁ።

አሁን ቃሌን ስጪኝ። ልሂድ?

ደግሞ አንድ ልለምንሽ። ይህን ለአክስቴ አታንቢላት። አንቺ አንብቢውና ይብቃሽ።

ጄሶው


መጋቢት 22

ሂድ።

ሰላምታው ይቆይህ። ይህ ወረቀት እጅህ ላይ እንደደረሰ ተነስተህ ሂድ፣ ሥራው ቢቀር ይቅር። ስልኬን ከፍቼ ከጠዋት ጀምሮ ስደውልልህ ነበር፣ ቁጥርህ አገልግሎት ላይ አይደለም ይለኛል። መቼ እንደቀየርከው እንኳን አላውቅም። በፈጣን ፖስታ ነው የምልከው።

የያዘህ የድድ በሽታ ነው። መድማቱ የመጀመሪያው ምልክት ነበር፣ ጤነኛ ድድ ሲቦረሽ አይደማም። ያኔ ተጠርጎ ቢሆን ይመለስ ነበር። ማበጡ፣ ቀለሙ መጥቆሩ፣ ሽታው፣ ሁሉም ሐኪም ጋ ሂድ ነው የሚሉህ። ሰውን የሚያዘናጋው አለማመሙ ነው። ጥርስህ አልረዘመም፣ ድድህ ነው የሸሸው፣ ከሥር ያለው አጥንት ተበልቶ ጥርሱ የሚይዘው እያጣ ነው። የሚደማውን ቦታ መቦረሽ እንዳትተው፣ በለስላሳ ብሩሽ በደንብ አጽዳው። ሲጋራውን ዛሬ ጣለው። ድድህ ሥር ገብቶ የደረቀውን ቆሻሻ ጨውና ውሃ አያወጣውም፣ ሐኪም በመሣሪያ ነው የሚያወጣው። ስትጫነው መግል ከወጣ፣ አፍህን ስትገጥም ጥርሶችህ እንደ ድሮው ካልገጠሙ፣ ያንንም ንገራቸው። ይኸው ጨረስኩ። ግማሽ ገጽ አልሞላም።

ደብዳቤህን ለእማዬ አነበብኩላት። አታንቢላት ብለኸኝ ነበር፣ እኔ ግን ያስጻፍኩህ ለዚያ ነው። ወንበር ስቤ ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩና እንደ ፍርድ ቤት ጸሐፊ ድምፄን ከፍ አድርጌ ጀመርኩ። ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልደብቅህም። "አያስፈልግም፣ የዕድሜ ነው አልኳት" የሚለው ጋ ስደርስ እጇን ከአፏ ላይ አነሳች።

"ውሸቱን ነው" አለችኝ።

አሁንም ልትሟገትልህ ነው ብዬ ተናደድኩ። ዝም በይ አለችኝ። እንዲህ ስትለኝ ከልጅነቴ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው።

"ይሄ የኔ ሥራ አይደለም፣ ሐኪም ጋ ሂጂ ብሎ ሁለት ጊዜ መልሶኛል" አለች። "በሦስተኛው አለቀስኩበት። ሐኪም ጋ ከሄድኩ ይነቅሉብኛል፣ በባዶ ድድ ነው እንዴ ልጄን የምድራት አልኩት። ለሠርጉ ብቻ፣ በሳምንቱ መጥቼ ታነሳልኛለህ አልኩት። ለሷ ከነገርካት ሠርጉን ትታ እኔን ይዛ ሐኪም ቤት ነው የምትሄደው፣ ብትነግራት አላሳደግኩህም አልኩት። ሳይወድ በግድ ነው የሠራልኝ። ከሠርጉ በኋላ ይነሳ እያለ በየሳምንቱ በር ሲያንኳኳ ነበር። አምሮብኝ ነበር፣ እምቢ አልኩት። ድዴ ሲሸትም እምቢ አልኩት።"

ለምን እስካሁን ዝም አልሽ አልኳት። "በሱ ስም ስትዞሪ ካየሁሽ በኋላ በየት በኩል ልጀምር" አለችኝ።

ሁለታችሁንም ምን እንደምላችሁ አላውቅም። ስምህን በየደጁ ሳጠፋ አንዲት ቃል ብትተነፍስ ምን ነበረበት? ሐሰት ጽፈህ ከምትልክልኝ እውነቱን ብትጽፍልኝ እኔ ሰው አይደለሁም? ዘጠኝ ዓመት የያዝኩት ቂም የት እንደማደርሰው ጠፍቶኛል። አንተን ስጠላ መኖር ለምጄ ነበር፣ ዛሬ ጠዋት ስነሳ የምጠላው ሰው አጣሁና መስታወት ፊት ቆምኩ።

እማዬ ስለ ድድህ የምታውቀው የለም። ያነበብኩላት የወርክሾፑን ብቻ ነው። ለምን ዛሬ ጻፈልሽ ስትለኝ ጸጽቶት ይሆናል አልኳት። ምን እንደከለከልኩህ አልነገርኳትም።

ሂድ። ሄጄአለሁ ብለህ ጻፍልኝ።

የአክስትህ ልጅ


ሚያዝያ 20

ለአክስቴ ልጅ፣

ለአንቺም ለቤትሽም ጤና።

ፈጣኑ ፖስታ በአሥራ አንድ ቀኑ ደረሰኝ። እኔ ግን ቀድሜ ሄጃለሁ። ከታች የፊት ጥርሶቼ ሁለቱ በአንድ ሳምንት ወለቁ፣ አንዷ ዳቦ ስበላ፣ አንዷ ተኝቼ። ውሉን መጋቢት መጨረሻ ፈረምኩና በማግስቱ ፈቃድ ጠየቅኩ። ተቆጣጣሪው አፌን አየና ወረቀቱን ፈረመልኝ።

ሐኪሟ ወጣት ናት፣ የምትለውን ግማሹን ነው የምሰማው። ራጅ አነሳችኝና አጥንቴ የት ጋ መሆን እንደነበረበት፣ አሁን የት ጋ እንደወረደ በእስክሪብቶ እያሰመረች አሳየችኝ። የቀሩትን ሁለት የታች የፊት ጥርሶች ነቀለቻቸው። ሌሎቹን በአራት ቀጠሮ ትጠርጋቸዋለች፣ ከተጠነቀቅኩ ይተርፋሉ ብላለች። መቼ ነው መድማት የጀመረው አለችኝ፣ መስከረም አልኳት። ያኔ ብትመጣ ኖሮ አንዱም አይወልቅም ነበር አለችኝ። ለምን ዘገየህ ስትለኝ፣ ይህን ሥራ የምታውቅ ዘመድ አለችኝ፣ የሷን መልስ እየጠበቅኩ ነበር አልኳት። የሚቀጥለውን ቀጠሮ ጻፈችልኝ።

መሄድ እችል ነበር። ሥራዬን አስበልጬ ቀረሁ፣ ሲጋራውንም ያጨስኩት እኔ ነኝ። በአክስቴም ጥርስ ቢሆን ለቅሶ አሸንፎኝ የማላውቀውን ሥራ ሠርቻለሁ። ይህን ለራሴ ወስጄዋለሁ። አንቺ ግን እያወቅሽ ዝም አልሽ። እያወቅኩ ነው ብለሽም በእጅሽ ጽፈሽልኛል፣ ወረቀቱ እዚህ አለ። የአክስቴ ልጅ፣ ይቅር አላልኩሽም። ወደፊትም የምልሽ አይመስለኝም።

የምጠይቅሽ አንድ ነገር ብቻ ነው። አክስቴ መጠየቋ አይቀርም፤ ያ ልጅ እንዴት ነው፣ ምን ጻፈልሽ ትልሻለች። ድዴ እንደታመመ፣ በምን እንዳስጻፍሽኝ፣ ስንት ወር እንዳስጠበቅሽኝ አትነግሪያትም። ከሰማች በኔ ምሥጢር ልጄ ልጄን ጎዳችው ብላ ነገሩን ሁሉ በራሷ ላይ ታዞረዋለች፣ ያኔ ምግብም አትበላልሽ። ደህና ነው በያት። ጥርሱም ሙሉ ነው፣ አንድም አልጎደለበትም በያት። ዛሬ ብቻ አይደለም፣ እሷ እስካለች ድረስ፣ በጠየቀችሽ ቁጥር። ምግቧን እያደቀቅሽላት ትጠይቅሻለች፣ ዓይኗን እያየሽ ትመልሺላታለሽ።

ደግነት እንዳይመስልሽ። የእሷን ምሥጢር ይዤላት ዘጠኝ ዓመት ኖሬያለሁ፣ እንዴት እንደሚከብድ አውቀዋለሁ። ከዛሬ ጀምሮ አንቺ ያዢው።

ስትጠይቅሽ ቶሎ መልሺላት። ከዘገየሽ ታውቅብሻለች።

ጄሶው